ቅሪ ያላለችው እናት

ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ መርፌ» ነበር የሚላት። አንድም ስለ ቅጥነቷ ነው፤ ምላሷም ቢሆን ከመርፌ አያንስም። ባሏን በጊዜ ቀብራ፣ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አንድ ልጇን አሳደገች። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ ቁልፍ ትተክላለች፤ እናት የስፌት መኪናውን ትረግጣለች። ሲሳሳቁ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።

ልጅቱ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ጥሩ ውጤት ስታመጣ፣ ሐሳቧ የቅርቡን ዩኒቨርሲቲ መርጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት መምጣት ነበር። የኬሚስትሪ መምህሯ ይህን ሲሰማ አላስቻለውም። ልጅቱ በሌለችበት ወደ እናቷ መጥቶ፣ የምትመኘው የፋርማሲ ትምህርት ያለው በሩቁ ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንደሆነ፣ እዚህ ከቀረች ግን ዕድሜዋን ቁልፍ ስትተክል እንደምትኖር ነገራት። እናት እስኪጨርስ ሰማችው። ያኔ ዓይኗ መድከም ጀምሮ ነበር፤ ሐኪሙም እየባሰ እንደሚሄድ አልደበቃትም። ይህን ለመምህሩ አላነሳችም።

ልጇ ስትገባ ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ «ሩቁን ምረጪ» አለቻት።

«ሰለቸሁሽ እንዴ፣ እማዬ?»

«የሰው ልጅ ሁሉ ይሄድ የለ? አንቺ በምን ተለየሽ?»

ቃሉ የልጅቱን አንጀት ቆረጠው። ሩቁን ሞላች፤ ስትሰናበትም ጉንጯን ብቻ አስነክታ ሄደች። ኩርፊያው ቶሎ አልለቀቃትም። በመጀመሪያው ዓመት ለእረፍት መጣች። በሁለተኛው ፈተና አለብኝ አለች። ከዚያ ተመርቃ እዚያው ሆስፒታል ሥራ ያዘች። ስትደውል እናት የሰፈሩን ወሬ እያጣፈጠች ታወራላታለች፤ ስለ ዓይኗ ግን ትንፍሽ አትልም። የስፌት መኪናው ተሽጦ ከቤት መውጣቱንም አልነገረቻትም።

ከዓመታት በኋላ ልጅቱ ሳትናገር ድንገት መጣች። በሩ ክፍት ነበር። እናት ኮቴ ሰምታ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ማን ልበል?»

ልጅቱ ሻንጣዋን ደጃፉ ላይ ጥላ ወደ እናቷ ሮጠች።

ተቃቅፈው ሲላቀሱ ቆዩ። ልጅቱን ይበልጥ ያቃጠላት ይህን ሁሉ ጊዜ ለባዕድ ሰው የዓይን ጠብታ ስታድል መኖሯ ነበር። አብረን እንሂድ ብላ ለመነቻት። እናት ግን ግድግዳውን በእጇ፣ ጎረቤቱን በድምፁ የምታውቀው እዚህ ነውና እምቢ አለች።

«ታዲያ ያኔ ለምን ቅሪ አላልሽኝም?»

«ብልሽ ትቀሪያለሻ። እሱን ነው የፈራሁት።»

የልጅቱ የሥራ ፈቃድ ሲያልቅ እናት በጎረቤት ተደግፋ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘቻት። ጎረቤቱ ሻንጣውን ሊያስጭን ዞር ሲል ልጅቱ ገብታ መስኮቱን ከፈተችና ተጣራች፤ የመኪና ጥሩምባ ድምፅዋን ዋጠው። ከፊት ያለው ሌላ አውቶቡስ ተነሣ። እናት ሞተሩን ሰምታ ፊቷን ወደዚያ አዞረችና እስኪርቅ ድረስ እጇን አውለበለበች። የልጅቱ አውቶቡስ ከኋላዋ ገና እንደቆመ ነበር።