ሪሃና ካሜራዋን የከፈተች ዕለት፦ ከባዲዓ እስከ ፉጣ

ሪያድ ውስጥ ካለው ሰፈራችን ከባዲዓ የተነሳሁት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ወረርሽኙ ዩኒቨርሲቲያችንን ከዘጋው ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ ትምህርቱ በኢንተርኔት ሆኗል። ረመዳን በመሆኑ የሰዓት እላፊው ላላ ብሎ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መንቀሳቀስ ይፈቀዳል። የጉዞዬ ምክንያት ሪሃና ናት። እንደኔው ሪያድ ያደገች፣ ፋርማሲ አብራኝ የምትማር ጓደኛዬ። ከክፍል ጠፍታ ከርማ ትናንት አንድ መልእክት ላከችልኝ፤ "ኸላስ፣ በቃኝ፣ ትቼዋለሁ። የመልቀቂያ ቅጹን ሞልቻለሁ።" የቃል ፈተናዋ ደግሞ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

አባቴ የመኪናውን ቁልፍ እየሰጠኝ፣ "ልጅቷ ትቻለሁ ካለች ምን ልታደርጊላት ነው?" አለኝ።

"አልተወችም። ደክሟት ነው" አልኩት።

መላዝ፣ አራት ሰዓት ተኩል

በሌላ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጀውን መንገድ በሃያ አምስት ደቂቃ ጨረስኩት። ሱቆቹ ዝግ ናቸው። አንድ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት ብቻ ሰዎች ተራርቀው ተሰልፈዋል።

እትዬ ጽጌ የእናቴ ወዳጅ ናቸው፤ የጎንደር ሰው፣ መላዝ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ቤት ይሠራሉ። ማታ ስለ ሪሃና በስልክ ስነግራቸው በጠዋት ብቅ በይ ብለውኝ ነበር። በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ተሸፍነው ወጡና አንድ ላፕቶፕ የመኪናዬ ኮፈን ላይ አስቀምጠው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቁ።

"እትዬ፣ ለልጅዎ የገዙት አይደለም እንዴ?"

"ለሱ ነበር። እሱም ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶበት አገር ቤት ቁጭ ብሏል። አውሮፕላን እስኪከፈት ድረስ የሰው ልጅ ይማርበት።" ቀጥለው በፌስታል የተቋጠረ ሳምቡሳ ጨመሩልኝ። "ይሄ ደግሞ ለማፍጠሪያቸው። ስሚ፣ እንዳታቋርጥ ንገሪያት። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ነው እዚህ የደረስኩት በያት።"

ኬላው

ወደ ሪሃና ሰፈር ስቃረብ፣ ወደ ባጥሃ መታጠፊያው ላይ፣ ከረጅም የመኪና ሰልፍ በኋላ ፖሊስ አስቆመኝና ኢቃማዬን ጠየቀኝ። የመኖሪያ ፈቃዴን አገላብጦ አየና፣ "ወዴት ነው?" አለ።

"ለፈተና።"

"ዩኒቨርሲቲ እኮ ዝግ ነው።"

"ፈተናው አልተዘጋም" አልኩት። ድምፄን አላወረድኩም። ትንሽ አየኝና ካርዴን መለሰልኝ። "ያላ፣ ሂጂ።"

ፉጣ፣ ስድስት ሰዓት

መኪናውን ሳቆም አዛን ይሰማ ነበር፤ ሙአዚኑ በየቤታችሁ ስገዱ ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጣሁ። ሪሃና ትንሹን ወንድሟን አዝላ በሩን ከፈተች። ሹፌር የሆኑት አባቷ በኮሮና ሆስፒታል ከገቡ ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። የቤተሰቡ የለይቶ ማቆያ ጊዜ አልቋል። እናቷ መግባት ባይፈቀድላቸውም በየቀኑ ሆስፒታሉ በር ላይ ሄደው ይቆማሉ። ሦስቱን ወንድሞቿን የምትይዘው እሷ ናት፤ ለአራቱም ያለው አንድ ስልክ ነው።

"ለምን መጣሽ? ቅጹን ልልክ ነበር።"

"ላኪው። ግን ከፈተናው በኋላ።"

"አልገባሽም። ካሜራ ክፈቱ ይሉናል። ምን ላሳያቸው? ይሄን ፍራሽ?" ድምጿ ተሰበረ። "ስሜን ጠርተው 'ቀሪ' ብለው ያልፋሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዴት ነሽ ያለኝ ሰው የለም።"

እኔም ስሟ ሲጠራ ሰምቼ ዝም ካሉት አንዷ ነበርኩ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። ደረጃው ላይ ተራርቀን ተቀመጥንና የመድኃኒቶቹን ስም እየጠየቅኋት ከሰዓት በላይ ከለስን። ፈተናው ሊደርስ ሲል የተደረደሩት ፍራሾች እንዳይታዩ አንሶላ ጋረድኩላት። እሷ ግን ላፕቶፑን ከከፈተች በኋላ ተነስታ አንሶላውን አወረደችው።

"ምነው?"

"የሚያሳፍር ነገር አልሠራሁም" አለች።

እኔ ልጆቹን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ፈታኟ መምህር፣ ዶክተሯ፣ ገና ሲጀምሩ፣ "ጫጫታው ምንድን ነው?" ሲሉ ሰማኋቸው።

"ወንድሞቼ ናቸው፣ ዶክተር። አባቴ ሆስፒታል ነው። ሌላ ክፍል የለንም። ለጥያቄው ግን ዝግጁ ነኝ።"

ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። ሦስተኛው ላይ ተደናቀፈች፤ እንዲደገምላት ጠይቃ መለሰችው። ሲያበቃ ዶክተሯ፣ "አባትሽ አሁን እንዴት ናቸው?" አሏት። ሪሃና ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ባዲዓ

አሥር ተኩል ላይ ቤቴ ገባሁ። ስሄድ የጎደላት ላፕቶፕ ብቻ መስሎኝ ነበር። የቸገራት ብቻዋን መሆኗ ነው፤ ለዚያ ደግሞ እቃ ሳይሆን ሰው ነው በር ድረስ የሚሄደው።

ከአፍጥር በኋላ ከክፍላችን ልጆች ጋር በስልክ ተጠራርተን፣ ስድስት ሆነን ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ጻፍን፦ የቀረ ተማሪ ይደወልለት፣ ስልክ ለሚጋሩ የፈተና ሰዓት ይመረጥላቸው፣ ካሜራ ግዴታ አይሁን። አባቴ ደነገጠ። "ሐሳቡን ጻፉ፣ ስም ግን አትጻፉ። እኛ እዚህ ያለነው በኢቃማ ነው።" ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሠላሳ ዓመት አንገቱን ደፍቶ ነው ያሳደገን። ቢሆንም ፈረምኩ። ሪሃና ከሁላችንም ቀድማ ፈርማ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ለቀሩ ተማሪዎች መደወል ተጀመረ። ሪሃና ፈተናውን አለፈች፤ የመልቀቂያ ቅጹንም ሳትልከው ቀረች፤ አባቷም ከስተው ወደ ቤት ተመለሱ። የካሜራው ግዴታ ግን አልተነሳም። ስለዚህ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን። ስሜን ስሞላ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ አነበበና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ።

"የአያትሽንም ስም ጨምሪበት" አለኝ። "ከተጻፈ አይቀር ሙሉውን ነው።"