በጃንሆይ ፊት ላይ የጠረግኩት ምላጭ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን ነው፤ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ አሥራ አራተኛዋ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ከጥቂት ዓመታት በኋላ። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ አስመራ መሀል ከተማ አንድ ፀጉር ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዛሬ አርጅቼም ራዲዮ ላይ አንዱ ተነስቶ «እሁድ እገሌ እገሌን ያሸንፋል» ማለት ሲጀምር እጄ ሮጦ ይዘጋዋል። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ለእነሱ ያልነገርኳቸውን ለእናንተ ልንገራችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልመን፦ ቁጡ ነበርኩ። በሌላ ነገር አይደለም፣ በኳስ። የከተማችን ቡድን ሲሸነፍ እህል አፌ አይገባም። ሲያሸንፍ ደግሞ ምላጭ ይዤ እጨፍር ነበር፤ የሱቁ ባለቤት አቦይ ገብራይ «ኣንታ፣ የሰው አንገት እኮ ነው!» እያሉ እስኪጮሁብኝ ድረስ።

በእኛ ሙያ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ ያገለግላል። መጀመሪያ ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ ያነበዋል። ሲያረጅ በመሀረብ ልክ ይቆራረጥና የሚላጨው ሰው ትከሻ ላይ ይደረጋል፤ ምላጩ ላይ የተጠራቀመውን አረፋና ፀጉር የምንጠርገው በእሱ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ጋዜጣ ያለ ጃንሆይ ፎቶግራፍ አይወጣም። ስለዚህ አቦይ ገብራይ ሕግ ነበራቸው። ምላጭ ከማስነካታችን በፊት እያንዳንዱ ገጽ ፊቱም ጀርባውም ይታያል፤ ፎቶግራፍ ያለበት ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የከተማው ፀጉር አስተካካይ ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ማንም ያዘዘን የለም፣ ግን ማንም አይረሳውም።

እኔ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ የምፈራበት ምክንያት ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜ የማነ ከአራት ወር በፊት አንድ ማለዳ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። በረሃ ገብቶ ከሸማቂዎቹ ጋር መቀላቀሉን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። ለጎረቤት «ለሥራ ሱዳን ሄደ» ብለናል። ፖሊስ በማንኛውም ሰበብ ቤታችንን ቢረግጥ፣ ሁለተኛው ጥያቄ «ወንድምህስ የት ነው?» እንደሚሆን አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔም አልተርፍ፣ እናቴም አትተርፍ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። እሁድ የእኛ ቡድን እዚያው አስመራ ላይ ከአንድ የአዲስ አበባ ቡድን ጋር ሊጋጠም ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጋዜጣ ሲደርሰኝ በቀጥታ የስፖርቱን ገጽ ገለጥኩ። ጸሐፊው ትንቢቱን አስቀምጧል። አራት ለባዶ እንሸነፋለን! ያ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። «አስመሮች ኳስ ማንከባለል እንጂ ማግባት አልተማሩም፤ አካሄዳቸው ለሽርሽር ነው» ብሎ ጽፏል።

ደሜ ፈላ። «ለሽርሽር? አንተ የወንበር ላይ ጀግና!» እያልኩ ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በምላጭ ቆራረጥኩት። ገና ያልተነበበ የዕለቱን ጋዜጣ! ትንቢቱን በሰው ጢም ልሸፍነው አስቤ ነው። አቦይ ገብራይ ጓሮ ውሃ ያፈሉ ነበር። እኔም በንዴቴ የገጹን ጀርባ ገልብጬ አላየሁም።

ወዲያው አንድ መኮንን ገባ። ዩኒፎርም ለብሷል፣ ትከሻው ላይ የሻምበል ማዕረግ አለ፤ ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው ተከትሎት ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ተራውን ይጠብቅ ጀመር። ሻምበሉን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ፎጣ አለበስኩት፣ ከቆራረጥኩት አንዱን ሳላየው ትከሻው ላይ አደረግኩ። ሳሙናውን ቀባሁትና ቀኝ ጉንጩን መላጨት ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ጠረግኩ። ሁለት ጊዜ ጠረግኩ።

ሦስተኛው ላይ የሻምበሉን ዓይን መስተዋቱ ውስጥ ትከሻው ላይ ተተክሎ አየሁ። እኔም አየሁ። ጃንሆይ ናቸው። ለአንድ ቡድን ዋንጫ ሲሸልሙ የተነሱት ፎቶግራፍ ነው። ዋንጫውና እጃቸው ንጹሕ ነው፤ ፊታቸው ግን በአረፋና በሻምበሉ ጢም ተሸፍኗል።

ምላጩ በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፣ ላቆመው ግን አልቻልኩም። ምላጭ ይዞ መኮንን አንገት ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምን ይመስላል? ያን ሳስብ ጭራሽ ባሰብኝ።

ሻምበሉ ድምፁን ሳይለውጥ «ጨርስ» አለኝ።

እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም። አገጩ ሥር ቆረጥኩት። ደሙ ቀጭን ሆኖ ወረደ። ከወንበሩ ሲነሳ ያቺን ቁራጭ ራሱ አነሳት፣ አረፋዋን ወደ ውስጥ አድርጎ አጣጠፋት፣ ደረት ኪሱ ከተታት፣ ቁልፉን ቆለፈ።

«ስምህ ማን ይባላል?»

«ተኽለ» አልኩ። የአባቴ ስም ጠፋኝ።

«ኳስ ትወዳለህ መሰለኝ። እሁድ ስታዲየም ትመጣለህ?»

«እወ… አዎ ጌታዬ።»

«እዚያ እንገናኛለን» ብሎኝ ወጣ። ካፖርት የለበሰውም ሰው ሳይላጭ ተነስቶ ሄደ።

አቦይ ገብራይ የሆነውን ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። የቀሩትን ቁርጥራጮች ሰብስበው ምድጃ ውስጥ ጨመሩ። «ወደይ፣ ልጄ፣ ዓዲ ኣበይቶ መንደር አክስት የለችህም? እዚያ ሂድና ተደበቅ» አሉኝ። እንዴት ልሂድ? ከሸሸሁ ጥፋቴን ማመኔ ነው፤ እኔን ሲያጡ ደግሞ የሚመጡት እናቴ ዘንድ ነው።

ለእናቴ ልደብቃት ብፈልግም አልቻልኩም። ሰፈራችን ፓራዲዞ ፌርማታ ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ አጥራችን ጋ ቆማ አየችኝና ገና ሳልደርስ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ነገርኳት። እሷም «ሰውዬው የማነን ጠየቀህ?» አለች። «አልጠየቀኝም» አልኳት። ያን ሌሊትና ቅዳሜን ሙሉ በራችን አጠገብ ማኪና ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር ሁለታችንም መተንፈስ እናቆም ነበር።

እሁድ ጃኬት ደርቤ ወጣሁ፤ እስር ቤት ይበርዳል ሲሉ ሰምቼ ነው። እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ፣ አላለቀሰችም።

ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁልጊዜ ከምቆምበት ከጓደኞቼ ጋር ቆምኩ፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ሻምበሉ ነው። «ና» አለኝ። ሰዉ ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። ጓደኞቼ ዓይናቸውን ከዓይኔ አሸሹ፤ አልፈረድኩባቸውም። ጣራ ወዳለው መቀመጫ፣ ትሪቡና ወደምንለው ወስዶ ከጎኑ አስቀመጠኝ።

ስለዚያ ጨዋታ ብትጠይቁኝ የማስታውሰው አቀርቅሬ ያየሁትን ጉልበቴን ነው። የእኛ ልጆች አንድ አገቡ፤ ስታዲየሙ ተናጋ፤ እኔ እጄን ጭኖቼ መሀል ቀብሬ ተቀመጥኩ። ሻምበሉ የሚደግፈው የአዲስ አበባውን ቡድን መሆኑ ከሚጮኸው ያስታውቃል። መጮህ አይደለም፣ መተንፈስም ፈራሁ።

በዕረፍት ሰዓት ሰዉ ሻሂ ሊጠጣ ሲወርድ፣ ሻምበሉ ግራና ቀኙን አየና የክብሪት ቀፎ መዳፌ ውስጥ አስገባ። ከፈትኩት። ያቺ ቁራጭ ተጣጥፋ ውስጡ አለች፣ ሳሙናው ደርቆባታል።

«ራስህ አጥፋት» አለኝ በዝግታ። «ከኋላ አግዳሚው ላይ የነበረውን ሰውዬ አላወቅከውም? የጸጥታ ሰው ነው። እኔ ባላነሳት እሱ ያነሳት ነበር። ሱቅህ ተመልሼ ብመጣ ይጠረጥራል፤ ለዚህ ነው እዚህ የጠራሁህ። አሁን እዚያ ታች ቆሞ ከእኔ ጋር መቀመጥህን አይቷል፤ የእኔ ሰው ትመስለዋለህ፤ ሁለተኛ አይነካህም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ልል ፈልጌ «የቐንየለይ፣ የቐንየለይ» እል ነበር በትግርኛ።

«አንተ ግን ደደብ ነህ እንዴ?» አለኝ ተቆጥቶ። «ጋዜጣ ሲቆረጥ ጀርባው አይታይም? ልጅ የለህም? እናት የለህም?»

ክብሪት ብለኩስ ሰው ያያል፤ ብቀዳድዳት ይወድቃል። አፌ ውስጥ ጨመርኳት። ሳሙና፣ ቀለምና የሻምበሉን ጢም አንድ ላይ አኘክሁ። የዚያ ጸሐፊ ትንቢትም ከነጀርባው አብሮ ወረደ። ሻምበሉ መጀመሪያ ደንግጦ አየኝ፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

ሁለት ለአንድ አሸነፍን። እኔ ከትሪቡናው ስወርድ ልጮህ ፈልጌ ያለቀስኩት በኳሱ አይደለም። አውቶቡስ አልጠበቅኩም። እስከ ፓራዲዞ ድረስ ጃኬቴን በእጄ ይዤ ሮጥኩ፤ መንገድ ላይ ሰው ያቅፈኛል፣ አቅፈዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ግቢያችን ስገባ ጭስ ይሸታል። እናቴ የከሰል ምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤታችን ኢሳቅ ከስታዲየም ከጨዋታው መሀል ሮጦ መጥቶ «ተኽለን መኮንን ክንዱን ይዞ ወሰደው፣ በዓይኔ አየሁ» ብሏት ነበር። ውሸት አልነገራትም፤ ያየውን ነው የነገራት።

እሷም ፈታሾቹ ሳይደርሱ ልቅደማቸው ብላ የየማነን ነገር ሁሉ ሰበሰበች። የትምህርት ቤት ደብተሮቹን፣ ከበረሃ በሰው እጅ የላካትን አንዲት ደብዳቤ፣ ያሉንን ሦስት ፎቶግራፎች። እኔ ስገባ ምድጃው ውስጥ አመድ ብቻ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለቀቁህ?» አለች።

«አልያዙኝም ኣደይ። ሰውዬው ሊያድነኝ ነው የመጣው» አልኳት።

በእንጨት አመዱን ትገላብጥ ጀመር፤ ያልነደደ ቁራጭ ካለ ብላ ነው። አጠገቧ ተንበርክኬ እኔም ፈለግኩ። አልነበረም።

ሻምበሉን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ወዴት እንደተዛወረ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ውለታውን ሳስብ ዛሬም እንባዬ ይመጣል። ራሴን ግን ይቅር ማለት አቅቶኛል። በአንድ የጋዜጣ ትንቢት ተናድጄ ገጽ ሳልገለብጥ በመቅረቴ ቤታችን የሆነውን ሆነ። የማነ ከበረሃ አልተመለሰም። የት እንደተቀበረም የነገረን የለም።

እናቴ በመጨረሻ ዓመታቷ የማነ ይረሳት ጀመር። ስሙን አይደለም፣ መልኩን። አንድ ቀን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ እጄን ይዛ «ተኽለ፣ የማነ ፍንጭት ነበረው ወይስ ያንተ ነው የሚመጣብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የመጀመሪያ ጢሙን የላጨሁለት እኔ ነኝ። ያንን ፊት ቀና አድርጌ፣ ጎንበስ አድርጌ፣ ስንት ጊዜ በእጄ ይዤዋለሁ። «ነበረው ኣደይ፣ ሲስቅ ያምርበት ነበር» አልኳት። ደስ አላት።

እውነቱን ለመናገር ግን እኔም አላስታውስም።