ዳገት ላይ የሚለቅ ካምቢዮ

መኪና በሚያስመጣ አንድ ድርጅት የደንበኞች መቀበያ ክፍል፣ ከመስታወቱ ኋላ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠች አንዲት ሴት ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ማህተም» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ገና በተቀጠረች በዓመቷ ነው፤ የቀረበላትን ወረቀት ሁሉ ቀና ሳትል ዷ አድርጋ ስለምትመታ። መጀመሪያ ሰሞን ትቀየም ነበር፣ ኋላ ለመደችው፤ ሲቆይ ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውስም ጠፋ። ክፉ ሰው አይደለችም። ሰው አታመናጭቅም፣ ሰዓት አታዛንፍም፣ ከማንም እጅ ስጦታ አትቀበልም። ሆዷ ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ግን አልነበረም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ እሷም ራሷ የምታውቀው አትመስልም።

እናቷን ስድስት ዓመት አስታማለች። ሕመሙ የኩላሊት ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዶ ደም ማሳጠብ ያስፈልጋል፤ ማህተም ሥራ ላይ ስለምትሆን የሚያመላልሳት ታላቅ ወንድሟ ነበር። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ እየተንሰቀሰቀ እሷ ከኪራይ የመጡትን ወንበሮች ትቆጥር ነበር። አክስቷ ጠጋ ብላ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይወጣልሻል» ብትላት «እሺ» አለችና ቆጠራዋን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ። ጠዋት ትነሣለች፣ አውቶቡስ ትይዛለች፣ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ቤቷ ስትመለስ ቴሌቪዥኑን ትከፍትና ድምፁን ታጠፋዋለች። ወንድሟ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደውል ነበር። ደህና ነሽ ይላታል፣ ደህና ነኝ ትላለች። በላሽ ይላታል፣ በላሁ ትላለች። እያደር ስልኩ ሳሳ፣ ቀጥሎም ቆመ። የተጣሉ አልነበሩም። የሚያጣላ ነገር ቢኖራቸው እንኳ በተሻለ፤ ሰው ሲጣላ ቢያንስ ይነጋገራል።

በሥራዋ ከምንም በላይ የምትደጋግመው አንድ ነገር ነበር፦ «ጋራንቲው አልፏል።» ጋራንቲው ሦስት ዓመት ወይም መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፣ የቀደመው ይቀድማል። ደንበኛው ሊብሬውን በመስታወቱ ሥር ያሾልካል፣ እሷ የሻንሲ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፋለች፣ ቀኑን ታያለች፣ ትናገራለች። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ይለማመጣል። አንድ የጥርስ ሐኪም በንዴት መስታወቱን በጥፊ መትቶ፣ እጁን በእጁ ይዞ ቁጭ ብሎ ቀርቷል። ለእሷ ሁሉም አንድ ነበር። ቀጣዩን ቁጥር ትጠራለች።

እናቷ ከሞተች ስድስት ወር ያህል እንደሆነ ከአምራቹ አንድ የውስጥ ማስታወሻ መጣ። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ በዚህና በዚህ ቁጥር መካከል የተሠሩ መኪኖች ካምቢዮ ውስጥ፣ ዘይቱን የምትቆጣጠር አንዲት ዕቃ ስትግል ትሰነጠቃለች። በተሰነጠቀች ጊዜ መኪናው ዳገት ላይ ማርሽ ይለቃል። ስለዚህ ጋራንቲው ቢያልፍም እንኳ እስከ ስምንት ዓመት ድረስ፣ በጽሑፍ ላመለከተ ደንበኛ ሁሉ በነፃ ይቀየርለት ይላል። ከሥሩ ሥራ አስኪያጁ በገዛ እጁ «ለደንበኞች በማስታወቂያ አይገለጽም» የሚል ጨምሮ ፈርሞበታል። ማህተም አንብባ፣ መታ፣ ቦክስ ፋይል ውስጥ ከተተችው። ወንድሟ የሚነዳው ያንኑ ዓይነት መኪና መሆኑ በአእምሮዋ ሽው ብሎ አለፈ። አልፎም አልተመለሰም።

በመስኮቱ መጥቶ በአፉ የሚያመለክት በቀን አይጠፋም፤ ወረቀት ጽፎ የመጣ ግን በዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዱ ጠበቃ፣ ሌላው ክርክር የሚወድ ጡረተኛ። የቀረው ሕዝብ በአፉ ተናግሮ፣ በአፍ መልስ ተሰጥቶት ይሄዳል። «ዶክተር» የሚሉት ዋናው መካኒክ፣ ጆሮውን ሞተር ላይ ለጥፎ በሽታውን የሚናገር ሰው ነውና፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አጠገቧ ተቀምጦ ስንቱን ምስኪን ነው ዳገት ላይ እያስቀረን ያለነው ብሎ አጉረመረመላት። እሷ ሻይህ ቀዘቀዘ አለችው።

ወንድሟ የመጣው ማክሰኞ ቀን ነው። እንደ ማንኛውም ሰው የወረፋ ቁጥር ቆርጦ፣ ላስቲክ ወንበሩ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጧል። ቀና ብላ ስለማታይ አላወቀችም። ያወቀችው ሊብሬውን ያሾለከውን እጅ አይታ ነው፤ አናጺ ነው፣ የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር በመጋዝ ከሄደ ቆይቷል።

«እንደምን አደሩ» አላት፣ አንቱ ብሎ። ቀልድ ይሁን ቅያሜ፣ ወይስ አጠገቧ ያለችው ጸሐፊ ዝምድናቸውን እንዳታውቅ ብሎ፣ አልገባትም።

«እንደምን አደሩ» ብላ መለሰች። ቁጥሩን ጻፈች። ቀኑን አየች። «ጋራንቲው አልፏል። ዓመት ሆኖታል።»

አውቃለሁ አላት። ችግሩ ካምቢዮው ላይ መሆኑን፣ መኪናው ሲሞቅ ዳገት ላይ እንደሚለቅ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ግን ቆሞ እንደሚቀር፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እንደሚንሸራተት ረጋ ብሎ አስረዳ። እየነገራት ያለው የሌላ ሰው መኪና ታሪክ ይመስል ነበር። ከመቼ ጀምሮ ብላ ጠየቀችው። ፎርሙ ላይ ለዚህ ቦታ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ትተወዋለች።

ከዚያ አንቱታውን ተወው።

«እማዬ ልትሞት ሦስት ሳምንት ሲቀራት» አለ። «ከሆስፒታል ስንመለስ፣ ትልቁ ዳገት ወገቡ ላይ ለቀቀብኝ። የእጅ ፍሬን ይዤ አወረድኳት። እስኪበርድ አንድ ሱቅ ደጃፍ ደረጃ ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነው።»

የማህተም እጅ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። «ያኔ ለምን አላመጣኸውም? ያኔ እኮ ጋራንቲ ነበረው።»

«ግዛው ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ መሥሪያ ቤትሽ መጥቼ እንዴት ልጩህ? ደግሞ ብነግርሽ፣ እማዬን ከነሕመሟ መንገድ ላይ እንዳወረድኳት ልታውቂ ነው።»

ከኋላው የቆመ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሟ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ ሚጣ። ይሄ ነገር የኔ መኪና ብቻ ነው?»

ሚጣ ብሎ የሚጠራት ድሮ ነው፣ ሁለቱም ልጆች ሳሉ። ለጥያቄው የተዘጋጀ መልስ ነበረ፤ «እስካሁን ሌላ አልገጠመንም» ይባላል። እንደ በቀቀን ስትለው ኖራለች። ያን ዕለት ግን አፏ ላይ አልመጣም። ይወቀው ብላ፣ ልንገረው ብላ ቆርጣ አይደለም። የተለመደውን መልስ ብትፈልገው አጣችው፣ ይኸው ነው።

«አይደለም» አለች።

ከመሳቢያዋ ነጭ ወረቀት አውጥታ በመስታወቱ ሥር ሰጠችው። ምን ብዬ ልጻፍ አላት። የሆነውን ጻፍ አለችው፤ ካምቢዮው ዳገት ላይ ይለቃል በል፣ የሻንሲ ቁጥሩን አስገባ፣ ከታች ደግሞ ከአምራቹ በተላከው ማስታወሻ መሠረት ይጠገንልኝ በል። የማስታወሻውን ቁጥር ከቦክስ ፋይሉ ሳታወጣ በቃሏ ነገረችው። ብዕሩን አንሥቶ ሳይጽፍ አያት።

«ማስታወሻው የመጣው መቼ ነው?»

«የዛሬ ዓመት ተኩል።»

ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀበትም። ያኔ መኪናው ገና ጋራንቲ ላይ ነበር፤ ያኔ በየዕለቱ «በላሽ?» እያለ ይደውልላት ነበር። አጎንብሶ ጻፈ። ቁጥር ሲጽፍ እንደ አናጺ ነው፣ ቀጥ ያለ፤ ፊደሉ ግን እንደ ድሮው የተንጋደደ ነው። ተቀብላ መታችበት፣ ገቢ መዝገብ ላይ አሰፈረችው፣ ተራ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ሰጠችው። አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። ስሟንም፣ አንቱታውንም አልጨመረበትም።

ማህተም እፍረቱ እስኪመጣ ጠበቀች። መምጣት እንዳለበት ታውቃለች። ደረቷ አካባቢ ፈለገችው፣ አንጀቷ አካባቢ ፈለገችው፣ የለም። ጥጥ የጠቀጠቁባት ያህል ነበር። የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራች።

የመጣችው አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት፤ መኪናዋ ያው፣ ሕመሙም ያው። ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብላ ስትጠራ ዳገቱን ትታ ዙሪያውን በሜዳ እንደምትሄድ፣ ባለፈው ሳምንት ስትደርስ ሕፃኑ ቀድሟት ተወልዶ እንደጠበቃት ነገረቻት። ማህተም እጇን መሳቢያ ውስጥ ሰድዳ ሌላ ነጭ ወረቀት አወጣች። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሽማግሌ ሰጠች። በማግስቱ ለሁለት። እነዚያ ለጓደኞቻቸው ነገሩ፣ ጓደኞቻቸው ለሹፌሮች፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው በየጋራዡ ተዳረሰ። አንዳንዱ ወረቀቱን እቤቱ ጽፎ፣ አሳምሮ ይዞ ይመጣ ጀመር። በወሩ አርባ አንድ ማመልከቻ ገቢ መዝገቡ ላይ ተቀምጧል።

ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ጨዋ ሰው ነው፣ አይጮህም፤ ሲናደድ ጥግ ላይ ያለውን የፕላስቲክ አበባ ቅጠል በቅጠል በመሐረብ ይወለውላል። ያን ቀንም ሲወለውል ደረሰች።

«ማን ነው የነገራቸው?» አላት።

«እኔ።»

ትክዳለች ብሎ ስለነበረ መሐረቡን ቅጠሉ ላይ ተወው። «ለምን?»

«ጠየቁኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሲጠይቁሽ ኖረዋል እኮ!»

«አዎ» አለች ማህተም። እውነቱን ነው፤ የምትከራከርበት አልነበራትም።

ማባረር አልቻለም፤ የሰዉን መኪና በነፃ ጠግኑ የሚለው ማስታወሻ የራሱ ፊርማ ያለበት ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሳትና፣ ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው የጎማና የባትሪ መጋዘን ተዛወረች። መስኮት የለውም። የጎማ ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። ሰው አይመጣም፣ ከመጣም የሚፈልገውን ቁጥር ብቻ ይናገራል። ለጸሐፊዋ ቁልፏን ስታስረክብ ጸሐፊዋ አለቀሰችላት። ማህተም ከመሳቢያዋ የተረፉትን ነጭ ወረቀቶች አውጥታ «እነዚህ ያልቁብሻል፣ ቀድመሽ ጠይቂ» አለቻትና ሄደች።

ጥገናው በአንድ ጀንበር አልሆነም። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ወንድሟ እግሩ እስኪቀጥን ተመላለሰ። በመጣ ቁጥር በመጋዘኑ በኩል ብቅ ይላል፤ አልመጣም ይላታል፣ ይመጣል ትለዋለች። ይኼም ወሬ ከተባለ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ካወሩት ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ተራው በደረሰ ቀን ዶክተር መጋዘን ድረስ ሄዶ ጠራት። ካምቢዮው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ዶክተር በዘይት በጨቀየ መዳፉ ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ብረት ይዟል፣ ከእጅ መዳፍ አታልፍም። ወደ ብርሃን አዙሮ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አሳያት። ተቀብላ ያዘቻት። ከጠበቀችው ይልቅ ቀላል ናት። ዶክተር አንድ ነገር እንድትል ዓይን ዓይኗን ያያል።

«ትንሽ ናት» አለችና መለሰችለት።

ወንድሟ መኪናውን ተረክቦ ሲወጣ የሥራ መውጫ ሰዓት ሆኖ ነበር። በር ላይ አገኛት። ግቢ አላት፣ ገባች። የት እንደሚሄዱ አልተነጋገሩም፤ መሪውን ወደ ትልቁ ዳገት ሲያዞር ግን አልገረማትም። መኪናው ወጣ። ሞተሩም አልጮኸ፣ ማርሹም አልለቀቀ። ወገቡ ላይ ሲደርሱ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ በአገጩ አሳያት፤ አንድ የተዘጋ የጫማ መጠገኛ ሱቅ፣ ከፊቱ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ።

«አቁም» አለችው።

ወርዳ ሄዳ ደረጃዎቹን አየች። ያልተለመደ ነገር አልነበረባቸውም። አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል። መኪኖች በጎኗ ያልፋሉ፣ አንዱ ክላክስ ነፋባት። ወንድሟ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«የትኛው ላይ?»

«መካከለኛው።»

«ምን አለችህ?»

አሰበ። «ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነበር። አውጣልኝ አለችኝ፣ አወጣሁላት። ሌላ ምንም አላለችም።»

ማህተም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እሱ ቁልፉን አቃጨለና ሚስቴ ለምሳ ይዘሃት ና ብላኝ ነበር፣ ምሳው ራት ሆኗል እንጂ አለ። የሞከረው ቀልድ ይኸው ነበር። እሺ ብላ ገባች።

ወንድሟ ቤት ከገባች ዓመት አልፏታል። ሳሎኑ ውስጥ ያልጨረሰው የልጆች አልጋ በግድግዳው ተደግፎ ቆሟል፣ የእንጨት ሽታ አለ። የወንድሟ ሚስት ሳመቻት፤ የጎማ ሽታዋን እንዳልሰማች ሆና፣ ጫማሽን አውልቂ፣ እግርሽን ሰቅለሽ ተቀመጪ፣ እስኪቀርብ ነው አለቻት። ማህተም ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ተቀመጠች። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ በወረቀት ላይ መኪና እየሳሉ ይጨቃጨቃሉ፤ ከጓዳ የሳህን ድምፅ ይመጣል። ገበታው ሲቀርብ ተኝታለች። ወንድሟ ሊቀሰቅሳት ጠጋ ብሎ ተወት አደረገ፤ ፎጣ ነገር አልብሷት ልጆቹን ዝም በሉ አለ፣ እነሱ ግን ዝም አላሉም።