የአይጥ መርዝ የተከለከለ ሰሞን

ያኔ በማዘጋጃ ቤት የጽዳት ክፍል ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከተማችን ከነጌሌ ወረድ ብላ በቆላው መንገድ ላይ ያለች፣ አንድ አስፋልት፣ አንድ የከብት ገበያና አንድ ቄራ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚያ ሲያስተምር የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልኩ አፌን የፈታሁት እዚያው ነው። ለዚህ ይመስለኛል፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ጠርቶኝ፣

«ዛሬ በመኪና እየዞርክ ትለፍፋለህ። የአይጥ መርዝ ተከልክሏል» ያለኝ።

«የትኛው መርዝ?»

«ወፎቹን የሚገድለው።»

ስብሰባ ነበረበትና ሌላ ሳይጨምር ወጣ። የወፎቹን ነገር እንኳ አውቀው ነበር። በዚያ በጋ ቄራው አጠገብ ካሉት ግራሮች ሥር በየጠዋቱ ጭላት ወድቆ እናገኛለን። ሞቶ የሚገኘውን ማንሳት የእኛ ሥራ ነው። ያልሞተው ግን ክንፉን መሬት ላይ ዘርግቶ ያይሃል፤ ስትቀርበው አይነሳም። መጀመሪያ በሽታ መስሎን ነበር። ኋላ ነው መርዝ የበሉትን አይጦች ለቅሞ እንደሚሞት የተነገረን።

ሾፌሩና እኔ ገበያውን፣ መናኸሪያውን፣ መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን ዞርን። በአማርኛ አንዴ፣ በኦሮምኛ አንዴ እለፍፋለሁ። ድምፅ ማጉያው አሮጌ ስለሆነ ይንጫጫል፤ ነፋሱም ቃሉን ይቆርጠዋል። «ሱሚ» የምትለዋ የኦሮምኛ ቃል፣ መርዝ የሚለው ማለት ነው፣ ሳትሰማ ቀርታ ኖሮ፣ ቀትር ላይ ከተማው በሙሉ አይጥ መግደል ተከለከለ እያለ ያወራ ነበር።

ጎረቤታችን፣ ሁላችንም አኮ፣ አያቴ እንደማለት፣ የምንላቸው በቆሎ ቸርቻሪ አሮጊት፣ ገበያ መሃል መኪናውን አስቆሙብን።

«አካም፣ አኮ? ናጋ?» አልኳቸው፤ እንዴት ነዎት፣ ሰላም ነው ወይ ማለቴ ነው።

«ምን ናጋ አለ! አይጡ በቆሎዬን ሲጨርስ ቁጭ ብዬ ልየው ነው የምትለው?»

«አይጡን አይደለም፣ አኮ። መርዙን ነው። ጭላቶቹ እየሞቱ ነው።»

«ጭላት? ጫጩቶቼን የሚወስደው ጭላት?» ብለው በዙሪያቸው ያሉትን ሴቶች አዩ። ሴቶቹ ሳቁ። «እሺ፣ አይጡን በምን ልግደለው?»

አላውቅም ነበር። «በወጥመድ» አልኩ፤ ወጥመድ የሚሸጥበት ሱቅ በከተማው ውስጥ መኖሩን እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከሰዓት በኋላ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄጄ አንዲት ባለሙያ ጠየቅኩ። መርዝ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ አንዳንዱ በአይጡ ሰውነት ውስጥ ቆይቶ ወደሚበላው እንስሳ እንደሚተላለፍ በደንብ አስረዳችኝ። ነገሩ ሊገባኝ ሲል፣

«ታዲያ የተከለከለው የትኛው ነው?» አልኳት።

«እሱንማ የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ፤ ማዘጋጃ ቤት ነው የሚያውቀው» አለችኝ።

በማግስቱ ከሱቆች እንድንሰበስብ ታዘዝን። ባለሱቆቹ ያላቸውን አወጡልን፤ ሮዝ ፍሬ፣ ጥቁር ዱቄት፣ ማንበብ የማንችለው ጽሑፍ ያለበት እሽግ። አንዱ ባለሱቅ «ይሄ እኮ የበረሮ ነው» ብሎ ተከራከረን። ሾፌሩ እሽጉን ገልብጦ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከሌላው ጋር ጆንያ ውስጥ ከተተው። ሁሉንም የማዘጋጃ ቤቱ ዕቃ ቤት አስገባነው።

ሳምንት ሳይሞላው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ጉጉት ሞታ አገኘሁ። ከምንቃሯ ደም ወጥቶ ደርቋል። የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ ጥግ ጥጉን ሮዝ ፍሬ በትኖበታል። ስጠይቀው አልደነገጠም።

«አይጡ ፋይሉን እየበላ ነው። መርዙ ደግሞ እዚሁ አለ። ከየት ላምጣ?»

ጉጉቷን በካርቶን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ እንዳላስቀምጣት በእጁ ከለከለኝ።

«የተከለከለው መሸጥ ነው። መጠቀም አልተከለከለም» አለኝ።

«እኔ እንደዚያ ብዬ አልለፈፍኩም።»

«ምን ብለህ ነው የለፈፍከው?»

ምን ብዬ እንደለፈፍኩ ጠፋኝ። በአማርኛ ያልኩትና በኦሮምኛ ያልኩት አንድ ነበር? ከተማው የሰማውስ? እሱም ግራ የገባው መሰለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «በል ቅበራት» አለኝ ቀስ ብሎ። ከአጥሩ ሥር ጥልቅ አድርጌ ቀበርኳት፤ ውሻ አውጥቶ ቢበላትስ ብዬ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት።

ዝናቡ ሲገባ የሚወድቀው ጭላት ቀነሰ። ባለሙያዋ ክልከላው ሠራ አለች። ሾፌሩ ደግሞ ጭላቶቹ ሌላ ቦታ ሄደው ነው አለ። አኮ ድመት አመጡ። ሱቆቹ ሮዙን ፍሬ ከባንኮኒ ሥር አድርገው ለሚያውቁት ሰው ይሸጡ ጀመር፤ ሁሉም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ማንም ምንም አይለኝም።

በዓመቱ ኃላፊያችን ወደራ ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። አዲሱ ኃላፊ ዕቃ ቤቱን ሲጎበኝ ጆንያው ፊት ቆመና ምንነቱን ጠየቀኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ስጨርስ፣

«ስለዚህ አሁን ተከልክሏል ወይስ አልተከለከለም?» አለኝ።

«ጠይቄ ልንገርዎት» አልኩና ወጣሁ። በረንዳው ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ማንን እንደምጠይቅ አላወቅኩም።