የአክስቴ ትንፋሽ

ታሪካዊ ልብወለድ የሚጽፈው ተካበ አክስቴን የበደላት በ1991 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ደረጃ ላይ ነው። ዛሬም ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የሚጽፈው በድሮው የባቡር ዘመን ጅቡቲ ውስጥ ፈረንጅ ቤት ስለምትሠራ ሴት ነበር። አክስቴ ጉልበቷን የጨረሰችው ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር ለፈረንጆች ውሃ ስታመላልስ ነው። እሱን ግን ወሬዋ አልበቃውም፤ «በዓይኔ ያላየሁትን አልጽፍም» ይላል። በዚያ ሙቀት ሙሉ ጀሪካን አሸክሞ ደረጃውን አስወጣት። እሱ ከላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ካርቶን እያራገበ በሌላው ይጽፋል።

«እማማ፣ አንዴ ይድገሙልኝ። ትንፋሽዎ ሲቆራረጥ አመለጠኝ።»

«ምነው ልጄ፣ መጽሐፍህ ውሃ ጠማው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል።

ያኔ ገና ኮረዳ ነኝ። ጀሪካኑን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ፣ «ተዪ፣ እንግዳ ነው። ስምዎን መጽሐፌ ላይ አሰፍራለሁ ብሎኛል» አለችኝና ተመልሳ ወረደች።

መጽሐፉ ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላት። ደረጃው አለ፣ ላቡ አለ፣ ቀልዷ እንኳን አለ፤ ስሟ የለም። ምስጋናው ለቤተ መዛግብት ሹማምንት ነው።

«እስቲ ደግመሽ እዪው» አለችኝ።

ባለፈው ወር ተካበ ሸምግሎ መጣ። ለአዲሱ መጽሐፉ አክስቴ እንዴት እንደሞተች ሊጠይቀኝ ነው። ከደረጃው ሥር ያለውን ሙሉ ጀሪካን ይዞልኝ እንዲወጣ ነገርኩት። የደረጃው እኩሌታ ላይ አስቀምጦት ቁጭ አለ። በሩን ዘጋሁበት።