ጎሊና የሞላ ዕለት

ዛሬም እሁድ ከሰዓት እንወጣለን። የምንሄድበት ጉዳይ የለንም፤ ገበያ አንወጣም፣ ዘመድም አንጠይቅም። ባለቤቴ ባጃጁን በር ላይ ያቆማል፣ እኔ ነጠላዬን እደርባለሁ፣ ወይ ወደ ዋጃ ወይ ወደ ሮቢት ነው። ጎረቤት «እነዚህ ሰዎች ነዳጅ ያቃጥላሉ» ይለናል። ይቃጠል! እኔ ከዚያ መንገድ ያገኘሁትን አውቃለሁ፤ ለዚህም ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባጃጅ ከተማችን ቆቦ በገባ ሰሞን ነው። ባለቤቴ አንዷን ይዞ መጣ። ሦስት እግር ያላት፣ በር እንኳ የሌላት ነገር ናት፤ እሱ ግን የሚያወራላት ትልቅ አውቶቡስ እንደሚነዳ ሰው ነበር። መስታወቷን ሲወለውል «እኔንም እንዲህ ብትወለውለኝ ምናለ» እለዋለሁ። «አንቺ መቼ አቧራ ነክቶሽ» ይለኛል። ያኔ እንዲህ እንቀላለድ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ፋሲካ ሳይደርስ፣ የመጀመሪያ ልጃችንን ክርስትና ሳናስነሳ ቀበርን። በእኛ ዘንድ ክርስትና ላልተነሳ ሕፃን ፍትሐት የለም፣ ለቅሶም አይቀመጡም። ድንኳን አልተጣለም፣ ዕድርተኛም አልመጣም። ጎረቤቶቼ ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ አጥሚት ይዘው መጥተው «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» «ልጅ ይመጣል፣ አታልቅሺ» ብለውኝ ሄዱ። ስለ ልጄ አንዲት ነገር የጠየቀኝ ግን የለም። ባለቤቴም አላነሳም። እኔም አላለቀስኩም።

ተኛሁ። ጡቴ እስኪደርቅ ተኛሁ፤ ከደረቀ በኋላም ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን ተኝቼ ባልነሳ ደስ ይለኝ ነበር። ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርኩት። ተነስቶ ወጣ።

እሁድ ከሰዓት የባጃጅ ሥራ ይቀዘቅዛል። በቀጣዩ እሁድ በር ላይ አቁሞ ክላክሱን ነፋ። አልተነሳሁም። ደግሞ ነፋ። ጎረቤት እንዳይታዘበኝ ብዬ ወጣሁ።

«ወዴት ነው?»

«እንጃ» አለ።

ሹፌር ሰው «እንጃ» ሲል ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው። ገረመኝና ገባሁ።

ወደ ዋጃ ሄድን። አነዳዱ ዝግ ያለ ነው፤ እንኳን ሌላ መኪና አህያም ሊቀድመን ምንም አልቀረው። ዞብል ተራራ በቀኛችን አብሮን ይሄዳል፤ ማሽላው ገና ከመሬት ብቅ ብሏል፤ ነፋሱ ከግራና ከቀኝ እየገባ ፊቴን ይነካኛል። ዋጃ ደርሰን በለስ ገዛ። ሻጯ እየላጠች፣ እሱ እየተቀበለ ያጎርሰኛል። ስንመለስ ነው ጠግቤ መብላቴ ትዝ ያለኝ። ከዚያ በኋላ እሁድን መጠበቅ ጀመርኩ። ሰው አንድ ነገር መጠበቅ ከጀመረ ደግ ነው፤ ግን ሌሎቹን ቀኖች ገና እተኛ ነበር፣ ገናም አላለቀስኩም ነበር።

ሐምሌ ላይ ከሮቢት ስንመለስ ጎሊና ወንዝ ጋ ደረስን። የክረምት ወንዝ ውስጥ እንደማይቆም ቆቦ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ባጃጅ የያዘ የቆቦ ወንድ ደግሞ ወራጅ ውሃ አይቶ ሳያጥብ አያልፍም። ባለቤቴ በመኪና መውረጃው ወደ አሸዋው ወርዶ አቆማትና በጀሪካን እየቀዳ ይደፋባት ጀመር። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው። በስተምዕራብ፣ ወንዙ የሚወርድበት የጊዳን ደጋ ግን በደመና ጠቁሯል።

«አይተኸዋል?» አልኩት።

«የደጋ ዝናብ ለደጋ ነው» አለና እጥበቱን ቀጠለ።

ትንሽ ቆይቶ ከወንዙ ላይኛው በኩል ጩኸት ሰማን። አካፋና ዶማ የያዙ ሰዎች በወንዙ ዳር እየሮጡ፣ አንዱ ለሌላው እየተጣራ፣ በደስታ ይጮኻሉ።

«ሰርግ ነው መሰለኝ» አልኩ።

«በሐምሌ ሰርግ የት አየሽ?» ብሎ ይስቅብኝ ጀመረና ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ለካ ጎርፍ መጥቶ ነው። የራያ ገበሬ በደጋው ዝናብ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ያስገባል። መጀመሪያ ያየው በታች ላለው ይጮኻል፣ ያም ከሱ በታች ላለው፤ ድምፁ ከውሃው ቀድሞ ማሳ ለማሳ ይወርዳል። ለእነሱ የምሥራች ነው። እኛ የከተማ ልጆች ወንዙ መሀል ቆመናል።

ባለቤቴ የማስነሻውን እጀታ ሳበ፤ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ረጥቦ ሞተሩ እምቢ አለ። ሊገፋት ቢል ጎማዋ አሸዋው ውስጥ ሰጠመ። «ውጪ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሮጬ ዳር ወጣሁ። ዞር ስል እሱ አሁንም መሪዋን እንደያዘ ነው፤ ውሃው ቀልቶ ጉልበቱ ጋ ደርሷል። ከላይ የድንጋይ መንከባለል ይሰማል።

ተመልሼ ገባሁ። ለወራት ሞትን የተመኘሁት እኔ ቀበቶውን ይዤ «አንተ ሰውዬ፣ ብቻዬን ልትተወኝ ነው? ተዋት! መኖር እፈልጋለሁ፣ ካንተ ጋር!» እያልኩ እጎትተዋለሁ። ከየት እንደመጣልኝ እግዜር ይወቅ።

«አብሽሩ! ግፉ!» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። አንድ ገበሬና ሚስቱ ከማሳቸው ዘለው ወርደው ነው። እሱ ከኋላ፣ እሷ ከጎን፣ እኛም ከነሱ ጋር፣ አራት ሆነን ባጃጇን ነቅለን ዳገቱ ላይ አወጣናት። ወዲያው ጎርፉ ግንድ ተሸክሞ ቆመንበት የነበረውን አሸዋ አጠበው።

ገበሬው ግን እኛን እንኳ አላየንም፤ ወደ ማሳው ሮጠ። ጎርፉን ለመጥለፍ ከእሾህና ከአፈር የሠራው ግድብ የእኛን ባጃጅ ሲገፋ እሱ በሌለበት ተደርምሷል። የዓመት እህሉ ነው። እንዲህ ያለ ጎርፍ ደግሞ በክረምቱ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚያውቀው ላይ ያለው እግዜር ነው። ባለቤቴ ያገኘውን አካፋ ይዞ ተከተለው። እኔና ሴትዮዋ ቅርንጫፍ እንጎትታለን፣ አፈር በእጃችን እንዝቃለን። ፊቴ፣ ፀጉሬ፣ ሁሉም ጭቃ ሆነ። በመጨረሻ ውሃው አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ብሎ ታጠፈና ወደ ማሽላው ገባ። ገበሬው እጁን ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔም «ተመስገን» አልኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ከዚያ አለቀስኩ። እንዲያው ዝም ብሎ ወረደ፣ ላቆመው አልቻልኩም።

«ምነው እህት ዓለም፣ ተጎዳሽ እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

«ልጄ ሞተችብኝ» አልኳት። «ልጄ» ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ሌላ ይመጣል» አላለችኝም። «አታልቅሺ»ም አላለችኝም። ጭቃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብላ በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። አብራኝም አለቀሰች። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «ማንን ትመስል ነበር?» አለችኝ።

አፌን ልከፍት ስል አካፋውን ተደግፎ የቆመው ባለቤቴ ቀደመኝ።

«እናቷን» አለ። «አፍንጫዋ ግን የኔ ነበር» አለና አካፋውን ጥሎ አጠገቤ ቁጭ አለ።