ቆመው ለሚወድቁት የከፈትነው ክፍል

ኮሮና በበረታበት ዘመን ዓረብ ኤምሬትስ፣ ሻርጃ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ። ማደሪያዬ አጅማን፣ አል ጁርፍ ነው፤ ከሀገሬ ልጆች ጋር በቤድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ብቻ ተከራይቼ። መጀመሪያ የሚመጣልን ሰው ትንፋሽ ያጠረው ነበር። ቆየት ብሎ ግን ሌላ ዓይነት በሽተኛ መምጣት ጀመረ። ከኮሮናው ድኗል፤ ሳንባው ደህና፣ ልቡም ሲታይ ደህና ነው። ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ግን ልቡ ዳገት እንደሮጠ ሰው ይደልቃል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ይወድቃል። «ጭንቀት ነው» ተብሎ ይሸኛል።

አንዷ የወሎ ልጅ ነበረች፣ እዚያው ሻርጃ የሰው ቤት የምትሠራ። ያመጣቻት ማዳሟ፣ አሠሪዋ ናት።

«ሹግል፣ ሥራ ስትጠላ ነው የምትወድቀው፤ ውሸቷን ነው» አለችኝ ማዳሟ።

ልጅቷ እጄን ያዘችና በአማርኛ «ዋላሂ እታለም፣ ውሸቴን አይደለም። ስነሳ መሬቱ ይሸሸኛል» አለችኝ።

ያመኗት የነርቭ ሐኪማችን ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ተወልደው አውሮፓ የተማሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው። ማዳሟን ደጅ አስቆይተው፣ ልጅቷን አስተኝተው የልቧን ምትና የደም ግፊቷን ለኩ፤ አቁመውም ለኩ። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ እኛ ሳናዘው ልብን የሚያስመታ፣ ደም ወደ ራስ የሚያወጣ ነርቭ አለ። እሱ ነው የታወከው። ውሸታም አይደለሽም» አሏት። ልጅቷ ማስኳ እስኪርስ አለቀሰች።

ዶክተሩ ለእንዲህ ያለው ሕመም ብቻ የሚሆን ክፍል ለመክፈት ተነሱ፤ አብሬያቸው እንድሠራም እኔን መረጡኝ። የተሰበሩ ዊልቸሮች የተከመሩበት መጋዘን ተሰጠን። አጸዳነው፣ መጋረጃ ሰቀልንለት። በሽተኛውን በቀበቶ አስሮ ቀስ እያለ ከመተኛት ወደ መቆም የሚያነሳው አልጋ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ታስሬ የተሞከረብኝ እኔው ነኝ። ስወጣና ስወርድ ዶክተሩ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። እንደዚያን ሰሞን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

የሆስፒታሉ አለቆች ግን «በሽተኛው የታለ?» አሉ። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እህቴ፣ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። አምጪልኝ።»

አመጣሁ። ዱባይ፣ ዲራ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች አስተናጋጆችን፣ ከየቪላው የቤት ሠራተኞችን፣ ሶናፑር በሚባለው የሠራተኞች ካምፕ የሚያድር አንድ የጥበቃ ሠራተኛም ጭምር። የሁሉም ፍርሃት አንድ ነበር፤ አሠሪ ከሰማ ታማሚ ተብሎ መባረር አለ። ዶክተሩ ፊታቸው ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ከዚህ ክፍል ወሬ አይወጣም። አደራችሁን ተቀብያለሁ» አሉ። ሰዎቹም እኔን አዩኝ። እኔም «እመኗቸው» አልኩ።

የወሎዋ ልጅ በመድኃኒቱ፣ በጨውና በውኃው፣ እግር በሚያጠብቀው ረጅም ካልሲ እየበረታች ሄደች። ለማዳሟ የደም ማነስ ነው ብላት ነበር። ክፍሉ ሲመረቅ ሪባን ተቆረጠ፣ እንግዶች መጡ፣ ፎቶ ተነሳን።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ቀጠሮዋን ቀረች። ስልኳም ዝግ ሆነ። ዲራ ያለች ጓደኛዋ ጋ ስደውል «አልሰማሽም እንዴ? ለኤጀንሲ መልሳታለች። ማዳሟ ከክፍላችሁ ነው የሰማሁት ብላለች» አለችኝ።

ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ሳልቀመጥ «ለማዳሟ የነገሯት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «የማዳሟ ወንድም እኮ ነው ይህን ክፍል ያስፈቀደልን። እሷ ደውላ ጠየቀችኝ። እንዴት ልዋሻት?»

«መዋሸት አያስፈልግም ነበር። ዝም ማለት ይበቃ ነበር።»

«እህቴ፣ እሷ አንዲት ልጅ ናት። ክፍሉ ግን ስንቱን ሰው ያድናል!»

«እኔ ነኝ ያመጣኋቸው፤ በእርስዎ ቃል።»

«ይገባኛል» አሉና ስልካቸውን አነሱ። ስልኩ ግን አልጮኸም ነበር። ከማዳሟ ይልቅ፣ ከመባረሩም ይልቅ፣ ያቺ ነገር አጥንቴ ድረስ ተሰማችኝ። አደራ መብላት እንዲህ በለሆሳስ የሚሠራ አይመስለኝም ነበር።

ልጅቷን አጅማን፣ ኤጀንሲው ግቢ አገኘኋት። የበረራ ቀን እየጠበቀች ነው። መድኃኒትና ካልሲ ይዤላት ሄጄ ነበር። ከማስኳ በላይ ብዙ አየችኝና፣ «እታለም፣ አንቺ ነሽ የነገርሽ?» አለችኝ።

«አይደለሁም።»

«እኔም ለዲራ ልጆች እሷ አታደርገውም አልኳቸው። እነሱ ግን ምን ያድርጉ፣ የሚያውቁት አንቺን ነው።»

እውነቷን ነበር። ዲራ ምሳ ልበላ ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። ቀድሞ «እህታችን መጣች» የምትለኝ አስተናጋጅ ሳህኑን አስቀምጣ ዞር አለች። ያመጣኋቸው ሁሉ መምጣት አቆሙ፤ ሕመማቸውን ይዘው ቀሩ። የዶክተሩን ስም የሚያነሳ አልነበረም። የተሸጡት በእኔ ነበር፤ እኔ ግን ማን እንደሸጠኝ ማንን ላስረዳ?

ልጅቷ ሀገሯ ገባች። አሁን ገበያ ትውላለች፤ የያዘችው መድኃኒት ካለቀ በኋላ ግን ስትነሳ ግድግዳ ሳትይዝ አይሆንላትም። እኔ ወደ ሕፃናት ክፍል አዛውሩኝ ብዬ ወጣሁ። የከፈትነው ክፍል ከዱባይ ሳይቀር ሰው የሚመጣበት ሆኗል። ሕክምናው ጥሩ ነው፤ በዚህ አልዋሽም።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሀበሻ ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። ደግፌ አስነሳኋትና ቆማ እንደማትዘልቅ ሳይ ምን እንደሆነች ገባኝ። ሌላ የምወስዳት ቦታ አልነበረም። እስከዚያ ክፍል በር አደረስኳት።

«ይረዱሻል፤ ያውቁበታል» አልኳት። «ለአሠሪሽ እንዳይደርስ የምትፈሪው ነገር ካለ ግን፣ እዚያ ውስጥ አትናገሪው።»

«ለአንቺስ?» አለችኝ።

«ለእኔም አትንገሪኝ» አልኳትና በሩን ከፈትኩላት።